የበላው ጅብ ጮኸ፦ ፋይል ፈላጊው ማሽን ከአንድ ዓመት በኋላ

መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ዘንድሮ 14 ዓመቴ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ባለጉዳይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ደረጃው ላይ የሚኮለኮልበት የመንግሥት ቢሮ ነው ብል ይበቃል። የዕቃ አቅራቢውንም አልጠራም፣ ለሱም እንጀራው ነው።

አምና ሰኔ ላይ፣ በጀት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው (መቼም በሰኔ የማይገዛ ነገር የለም) የፋይል መከታተያ ተገዛልን። አርኤፍአይዲ ይባላል። በየፋይሉ ላይ ስስ ስቲከር ይለጠፋል፣ ስቲከሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ በየቦታው ይገጠማል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የፋይሉን ቁጥር ስትጽፉ የት ፎቅ እንዳለ ይነግራችኋል። እኛ ቤት ስሙ በአጭሩ «ማሽኑ» ነው።

ሰሞኑን ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሙያ ጓደኞቼ እየደወሉ «ይሠራል ወይ? እኛም ልናስገዛ ነው» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ይሠራል። ሻጩ ባለው ልክ ግን አይሠራም። ደግሞ ሻጩ ጨርሶ ያላነሳው አንድ ሥራ ሠርቷል፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከማሽኑ በፊት የመረካከቢያ መዝገብ ነበረን። ያ ትልቁ፣ ጀርባው ጨርቅ የለበሰ፣ ጠርዙ በጣት ወዝ የጠቆረ። ፋይል ሲወጣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ የወሰደው ሰው ይፈርማል። ሲያወሩት ጥሩ ነው። ፋይል ግን ፊርማ እየጠበቀ አይዞርም። አንዱ ባለሙያ ፈርሞ ይወስደዋል፣ ለጎረቤቱ «እስቲ ይቺን እያት» ብሎ ያቀብለዋል፣ ጎረቤቱ ለቡድን መሪው ያቀርበዋል፣ ቡድን መሪው ስብሰባ ይሄዳል፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ስታስተካክል ካቢኔት ውስጥ ትከተዋለች፣ ካቢኔቱ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከቡድን መሪው ጋር አዳማ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የመጀመሪያው ሰውዬ ነው። እሱ ደግሞ «እኔ መልሻለሁ» ብሎ ይምላል። የበላው ጅብ አልጮኸም ማለት ይቺ ናት። ባለጉዳይ ፊት የምንቆመው ግን እኛ ነን። «ፋይልዎ እየተፈለገ ነው፣ ሐሙስ ብቅ ይበሉ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በሕልሜም ሳልላት አልቀርም።

እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ፣ ምክንያቱም ይህን ሳያውቁ የሚገዙት ናቸው በኋላ የሚያለቅሱት።

ስቲከሩ ባትሪ የለውም። ብዙ ሰው አያምንም። ወደ ብርሃን ብታነሱት መሃሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ፣ ቺፑ እሷ ናት። ከግራና ቀኝ እንደ እባብ የተጣጠፈ ስስ የብረት መስመር አለ፣ እሱ አንቴናው ነው። ማንበቢያው ሞገድ ሲለቅ አንቴናው ከሞገዱ ጉልበት ይወስዳል፣ ቺፗ ትነቃለች፣ ያንኑ ሞገድ እያንጸባረቀች ቁጥሯን ትመልሳለች። ፀሐይ ላይ መስታወት ይዞ ለሩቅ ሰው ብልጭ ብልጭ እንደማድረግ ነው። ባርኮድ ቢሆን እያንዳንዱን ፋይል ከሸልፍ ስባችሁ፣ መስመሩን ለመብራቱ አሳይታችሁ፣ ጢጥ ማድረግ አለባችሁ። ይሄኛው ግን ሳያይ ያነባል። ቦታው ከተመቸው በሰከንድ በመቶ የሚቆጠር፣ ከጥቂት ሜትር ርቀት።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሶቪየቶች ሞስኮ ለነበረው የአሜሪካ አምባሳደር ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ አርማ በስጦታ አበረከቱ። ውስጡ ማዳመጫ ነበረበት። ባትሪ የለው፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የለው፤ ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነው የሚሠራው። እስከ 1952 ድረስ ማንም ሳያውቅበት የአምባሳደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። የእኛ ስቲከር የዚያ የልጅ ልጅ ነው በሉት። ይህን ታሪክ ሻይ ላይ ለአንድ ኃላፊያችን ስነግረው «እንግዲያው እኛንም ሊሰልለን ነዋ» ብሎ ሳቀ። በኋላ አልሳቀም።

ዕቃው ሲመጣ እንዲህ ነበር፦ በእጅ የሚያዝ ማንበቢያ ሁለት፣ ለመዝገብ ቤቱ በርና ለሦስቱ ፎቆች መግቢያ የሚገጠም አንቴና፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ማንበቢያ አንድ፣ የስቲከር ማተሚያ፣ ሶፍትዌርና ጥቅል ጥቅል ስቲከር። አዳራሽ ውስጥ ሠርቶ ማሳያ ተደረገ። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ 30 አዲስ ፋይል ተደረደረ፣ ከአቅራቢው የመጣው ልጅ ማንበቢያውን አንዴ ወዲህ ወዲያ አደረገው፣ 30ውም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወደ እኛ ምድር ቤት ወረድን።

የእኛ ሸልፍ ብረት ነው። ፋይሎቹ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠጋግተው የተጠቀጠቁ ናቸው። አንዱ ሁለት ወረቀት ብቻ ይይዛል፣ አንዱ ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ በሲባጎ የታሰረ። የመጀመሪያውን መደዳ 50 ፋይል ለጥፈን ብናነበው 37 መጣ። ደግመን ብናነበው 39። ልጁ ላቡን ጠረገ። በኋላ ነው የገባን፦ የሬዲዮ ሞገድ ከብረት ጋር ጠበኛ ነው፣ ብረቱ ይመልሰዋል ወይም ያዛባዋል። ስስ ፋይሎች ደግሞ ስቲከሮቻቸው አንዱ ባንዱ ላይ ሲተኛ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። መፍትሔው ቀላል ነበር። አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን መሃል፣ ሦስተኛውን ከታች እያፈራረቁ ወደ ውጭ በሚያየው ጠርዝ ላይ መለጠፍ፣ ሸልፉንም ትንሽ አየር መስጠት። ቀላል ነው፣ ግን ይህን ያወቅነው ሁለት ሺህ የሚሆን ፋይል ላይ ስቲከሩን የሽፋኑ መሃል ላይ ከለጠፍን በኋላ ነው። ልጠን እንደገና ለጠፍን። የተላጠ ስቲከር ደግሞ አንቴናው ስለሚቀደድ ወደ ቅርጫት ነው።

ሻጩ 3 ሳምንት ያለው ልጠፋ 4 ወር ፈጀ። አራት ሰው፣ ከኮቪድ የተረፈ ማስክ አጥልቀን፣ አቧራ እየበላን። ግን ልንገራችሁ፣ ከማሽኑ ሁሉ የጠቀመን ይህ 4 ወር ነው። በ14 ዓመቴ ሙሉ ቆጠራ ሲደረግ አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ባለጉዳይ ሦስት ፋይል ያለው አገኘን። እንዴት? ዋናው «ጠፋ» ሲባል ጊዜያዊ ፋይል ይከፈትለታል፣ ጊዜያዊውም ሲጠፋ ሌላ ጊዜያዊ ይከፈታል፣ ከዚያ ሦስቱም በተለያየ ሸልፍ ላይ በሰላም ይኖራሉ። የሞቱ ሰዎች፣ የተዘጉ ጉዳዮች፣ ስማቸው የተቀየረ መሥሪያ ቤቶች፣ ከዚያም ከሸልፉ ጀርባ ወድቆ አይጥ የጎበኘው። ማሽን ባይገዛልን ኖሮ ይህን ቆጠራ ማንም አይፈቅድልንም ነበር፤ «ሥራ ይቆማል» ነው የሚሉት።

አሁን በር ላይ ስለሚገጠመው።

ተላላኪያችን ጋሼ (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ፋይል የሚይዙት በብብታቸው ነው። 30 ዓመት በብብታቸው። ክረምት ስለነበር በሌላው እጃቸው ጃንጥላ። በሩን አለፉ፣ ማሽኑ ዝም። ተመለሱ፣ ዝም። «ምነው፣ አያየኝም እንዴ? በሩን ሞልቼ እኮ ነው ያለፍኩት!» አሉ። ነገሩ የሰው ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ብብት ውስጥ የተወሸቀ ፋይል ለማሽኑ የለም ማለት ነው። ለጋሼ የፕላስቲክ ቅርጫት ገዛንላቸው፣ ከሰውነታቸው አርቀው እንዲይዙ። መጀመሪያ «የገበያ ቅርጫት ይዤ ኃላፊ ቢሮ ልግባ?» ብለው ተቀየሙ። አሁን ለምደውታል፣ ምሳቸውንም ይከቱበታል።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። 2ኛ ፎቅ መግቢያው አጠገብ የተቀመጠች ጸሐፊ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ ያለ ፋይል ሳይነሳ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሲስተሙ ላይ «ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ» ይላል። አንድ ቀን አንድ ፋይል በግማሽ ቀን 60 ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። አንቴናው ጠረጴዛዋ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። የአንቴናውን ጉልበት ቀንሰን፣ ፊቱን ትንሽ ስናዞረው ተሻለው፤ ግን ሲቀንስ ደግሞ አንዳንድ የሚያልፍ ፋይል ያመልጠዋል። ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ። የበር አንቴና የሚሸጡላችሁ ሰዎች «100 በመቶ» ካሏችሁ ጋሼን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩዋቸው።

ስቴፕለር! ረስቼው። ቺፗ ላይ ስቴፕለር ከመታችሁ ስቲከሩ ሞተ። ፐንች ቢበሳውም እንዲሁ። እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ እጁ ስራ የፈታ ሰው ሁሉ ስቴፕለር ነው የሚያነሳው። ከስቲከሩ ጎን በቀይ «እዚህ አይመታም» የሚል ማኅተም አስቀርጸን መምታት ጀመርን፣ አንዱ ማኅተሙ ላይ መታው።

ሶፍትዌሩ ጋ ስመጣ ደሜ ይፈላል። ትንሽ ታገሱኝ።

የመጣው የውጭ ነው፣ ላዩ ላይ አማርኛ የተቀባ። ፋይል በቁጥር ስትፈልጉ ጎበዝ ነው። በስም ሲሆን ጉድ ይፈላል። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም አስቡት። ኃይለ፣ ኀይለ፣ ሐይለ፣ ሀይለ፤ ሥላሴ፣ ስላሴ፤ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ። ቢያንስ 16 አጻጻፍ። መዝጋቢዋ በአንዱ ጽፋዋለች፣ እኔ በሌላው ፈለግኩ፣ ማሽኑ «የለም» ይላል። ፀሐይና ጸሀይ ለሱ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ናቸው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን፤ ስክሪኑ ላይ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ፣ አንዱ ባለሙያ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። ደብዳቤ ጽፈን፣ ደውለን፣ ተለማምጠን፣ ከ5 ወር በኋላ ሀሐኀን፣ ሰሠን፣ አዐን፣ ጸፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ማሻሻያ ተጫነልን። ከጨረታው በፊት ብንጠይቅ ኖሮ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር አለኝ ያው ልጅ። ብንጠይቅ ኖሮ።

ቀኑም እንደዚያው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር «ይደግፋል» ተብሎ ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን የወጣ ፋይል «ነሐሴ 33» ብሎ አሳየን። በፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ሲከፋኝ አየዋለሁ።

የሰዓቱ ግን ሰው አጣላ። ሲስተሙ የፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ ፋይል ተፈለገና ኮምፒውተሩ «09:10 ላይ 3ኛ ፎቅ ገባ» አለ። ባለሙያው ቱግ አለ፦ «9 ሰዓት ላይ እኔ መስክ ነበርኩ፣ ሹፌሩ ምስክሬ ነው፣ ማሽኑ ነው የሚዋሸው!» ሹፌሩም መጣና መሰከረ። ለካ 09:10 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አንስተን ወረድን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የሰዓት መዝገብ 6 ቀንሼ ነው የማነበው፣ ልማድ ሆኗል፣ አሁን የግድግዳ ሰዓትም ሳይ 6 ልቀንስ ይቃጣኛል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ገምታችኋል። ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ለሰርቨሩ ትንሽ ይቆያል፣ የበሮቹ አንቴናዎች ግን ወዲያው ይሞታሉ። በዚያ መሃል የተንቀሳቀሰ ፋይል ለማሽኑ ያልተንቀሳቀሰ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ አንዳችን በእጅ የሚያዘውን ይዘን ሦስቱንም ፎቅ እንዞራለን። እንደ ሌሊት ዘብ። እሱ ባትሪ አለው፣ ያለ ኔትወርክም ያነበውን ይዞ ቆይቶ በኋላ ያስገባል።

እናም በእጅ የሚያዘው። ወገኖቼ፣ ከመጣው ዕቃ ሁሉ ነፍስ ያለው እሱ ነው።

የምትፈልጉትን የፋይል ቁጥር ታስገቡበታላችሁ። ከዚያ እየዞራችሁ ትሄዳላችሁ። ስቲከሩን ሲሰማ ጢጥ ይላል፤ ስትቀርቡ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ያፈጥናል፤ ስትርቁ ይዘገያል። በቃ ይኸው ነው። ኅዳር ላይ አንድ አባት መጡ፣ ሰነዳቸውን በጥቁር ፌስታል የያዙ፣ ስድስተኛ ጊዜያቸው። «ልጄ፣ ዛሬም ሐሙስ ልትይኝ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ሲስተሙ «3ኛ ፎቅ ገብቷል፣ አልወጣም» ይላል፣ 3ኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ «እኛ ጋ የለም» ብለው በስልክ ዘግተዋል። ማንበቢያውን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ዝም። የመጀመሪያው ቢሮ ዝም። ሁለተኛው ቢሮ በር ላይ አንዴ ጢጥ። ገባሁ። አራት ሰው ቀና አለ። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ዘገየ። ተመለስኩ፣ ፈጠነ። አንድ የእንጨት ጠረጴዛ አጠገብ ስደርስ እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ። የጠረጴዛው ባለቤት እጁ መሳቢያው ላይ ነበር። «እትዬ፣ እኔ ጋ አይመስለኝም» አለ፣ ድምፁ ግን ሄዷል። ከፈተው። ከሦስት ዓመት አሮጌ አጀንዳዎች ሥር 11 ፋይል። የአባትየው ከሥር ሁለተኛው።

ጅቡ ጮኸ።

ሰውየውን ክፉ አድርጌ መሳል አልፈልግም። ጉቦ እየጠበቀ አልነበረም። ከሌላ መሥሪያ ቤት መልስ የሚጠበቅባቸው ጉዳዮች ነበሩ፣ መልሱ ዘገየ፣ «ሲመጣ እጨርሳቸዋለሁ» ብሎ አስቀመጣቸው፣ ከዚያ ረሳቸው፣ ከዚያ ሲጠየቅ ረስቼው ነበር ማለት አሳፈረው፣ ስለዚህ «እኔ ጋ የለም» አለ። ባየሁት ሁሉ ፋይል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አባትየው በዚያው ቀን ተስተናገዱ ብላችሁ ደስ ይላችኋል፤ በዚያው ሳምንት ነው።

ወሬው በአንድ ቀን ሕንጻውን አዳረሰ። በሁለተኛው ቀን ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ፋይል ይዘው መውረድ ጀመሩ። በማግሥቱም። «ይቺን ልመልስ ብዬ ነው፣ ቆይታለች» እያሉ። አንዷ በካኪ ፖስታ ጠቅልላ በጽዳት ሠራተኛ ላከችው። ቆየት ብሎ ደግሞ ብልጦቹ የተዘጋ የብረት ካቢኔት ውስጥ ያለ ፋይል ማሽኑ እንደማይሰማው ደረሱበት። እኔ አልነገርኳቸውም። ግን ካቢኔቱ ቢደብቀውም የፎቁ በር ላይ «ገብቷል» የሚለው ይቀራል፣ ስለዚህ ቢያንስ የትኛው ፎቅ ላይ እንደተዋጠ እናውቃለን።

ሻጩ ያላነሳው ሥራ ይኸው ነው። «ጠፍቷል» የምትባል ቃል ከመዝገብ ቤታችን ወጣች። አሁን ባለጉዳይ ሲመጣ «ፋይልዎ ከሰኞ ጀምሮ 3ኛ ፎቅ ነው» እለዋለሁ፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ሲደርስም ለምን እንደመጣ ያውቃል። ጠቡ ከእኛ መስኮት ተነሥቶ ጉዳዩ ወዳለበት ሄደ። ላይ ያሉት አልወደዱትም። አንድ ኃላፊ ጠርቶኝ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ለባለጉዳይ የውስጥ አሠራር ባይነገር ጥሩ ነው» አለኝ። ያ ሻይ ላይ የሳቀው ነው። እሺ አልኩ። አሁንም እነግራለሁ። ሲስተሙ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ፋይል ስንት ቀን እንደሚያቆይ ሪፖርት ማውጣት ይችላል፤ አንዴ ለማኔጅመንት ቀረበ፣ ከዚያ ወዲህ የጠየቀን የለም። ቁልፉ ግን አለ፣ ስክሪኑ ላይ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው።

የማይሠራውን ደግሞ እወቁ። ማሽኑ የሚያውቀው ሽፋኑን ነው። ውስጡ ያለውን ወረቀት አያውቅም። መጋቢት ላይ አንድ ፋይል በሰላም ተመለሰ፣ ስቲከሩ ያነባል፣ ሲከፈት ግን አንድ ደረሰኝ የለም። ማሽኑ ምን ይበል? ስለዚህ የገጽ ቁጥር መስጠቱን፣ ሲወጣና ሲገባ መቁጠሩን አልተውንም፤ ያንን የመረካከቢያ መዝገብም አልጣልነውም። ሽፋን ሲያረጅ ሲቀየርም ስቲከሩ ከአሮጌው ጋር ቅርጫት ይገባል፣ ይህንም ሁለት ጊዜ ተቀጣንበት።

«አገሩ ፋይዳ መታወቂያ፣ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት እያለ እናንተ አሁንም አቃፊ ታሳድዳላችሁ? ለምን ሁሉንም ስካን አታደርጉትም?» ይለኛል የእህቴ ልጅ። ስካን ለማድረግ ፋይሉን ማግኘት አለባችሁ፣ የኔ ጌታ። ፍርድ ቤት ሲጠይቅም ዋናውን፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ነው የሚፈልገው። ጊዜያችን እስኪደርስ ድረስ አቃፊው የት እንዳለ ማወቅ አይከፋም።

ልትገዙ ካሰባችሁ እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። በመጀመሪያው ዓመት በእጅ የሚያዘውን ሁለት፣ ማተሚያና ስቲከር ብቻ እገዛለሁ። የበሩን አንቴና ለቀጣዩ በጀት። ሠርቶ ማሳያውን አዳራሽ ውስጥ አላይም፣ የራሴ ምድር ቤት፣ የራሴ ብረት ሸልፍ ላይ፣ በራሴ አቧራማ ፋይል ነው የማየው። ዕቃው የሚሠራበትን ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገዱን ድግግሞሽ) እጠይቃለሁ፤ ይህ ዓይነቱ ዕቃ በዓለም ላይ ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርትዝ ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የአውሮፓው 865 እስከ 868፣ የአሜሪካው 902 እስከ 928፤ 900 አካባቢ ደግሞ እኛ አገር ሞባይል አለበት፣ ሊጋጩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ለአሜሪካ የተሠራ ርካሽ ዕቃ እንዳያሸክሟችሁ፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱንም አሳዩን በሉ። ስቲከሩ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር ምናምን እንዳታስጽፉ፣ ማንበቢያ ያለው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በርክክብ ቀን በእጃችሁ ይግባ። የእኛ እስከ ጥር ድረስ አቅራቢው ጋ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አዲስ ሠራተኛ ለማስመዝገብ እንኳ ስልክ እንለምን ነበር፣ ስልኩ ሲነሳ።

እና የስቲከር በጀት በየዓመቱ። ይህን አስምሩበት። አንዷ ስቲከር በዓለም ገበያ የአሜሪካን ሳንቲም ቤት ናት፣ ውድ አይደለችም፤ ግን ዕቃው በፕሮጀክት ተገዝቶ ስቲከሩ በመደበኛ በጀት ካልተያዘ የማንም ልጅ ሆኖ ይቀራል።

ከ5 ኮከብ? በእጅ ለሚያዘው 5። ለበሮቹ 2። ለሶፍትዌሩ ነሐሴ 33 እያለ 2 መስጠት ይከብደኛል፣ ግን ስለተሻሻለ 3። ለአቅራቢው ድጋፍ 1፣ እሷም ላቡን ለጠረገው ልጅ።

የእኛ ስቲከር ሚያዝያ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱ ፋይሎች በሙሉ ያለ ስቲከር ናቸው፣ እየወጡ ነው፣ እየገቡ ነው፣ ማሽኑ አያውቃቸውም። የግዢ ጥያቄ አቅርበናል። የግዢ ጥያቄው ፋይል ደግሞ በፊት የተከፈተ ስለሆነ ስቲከር አለው። ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ 2ኛ ፎቅ ፋይናንስ ነው፣ ከግንቦት 6 ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።